በወለጋ ስለ ወራት ስምና ስለ ጨረቃ አቆጣጠር

በነቀምቴ፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ የምንኖር ተማሪዎች ወሩን በጽሕፈት ቤት መስከረም፣ በቤታችን ደግሞ ፉልባና እንለዋለን። ሁለቱ ስሞች የአንድ ወር ስለ ሆኑ አብረው የተወለዱ ይመስላሉ፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ስለዚህ የኦሮሞን ጥንታዊ የጊዜ አቆጣጠር በአጭሩ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

ይህ አቆጣጠር ጸንቶ የቆየው በደቡብ በቦረና ነው። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ‹ገዳ› በተባለው መጽሐፋቸው በሰፊው ገልጸውታል። ዓመቱ 12 የጨረቃ ወራት፣ በድምሩ 354 ቀን ነው። የሳምንት ቀን የለውም፤ በዚያ ፈንታ እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው የሚባልላቸው 27 የቀን ስሞች አሉ፤ አያና ይባላሉ። ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለ ሆነ 27ቱ ስሞች አልቀው እንደገና ይጀመራሉ፤ ስለዚህም የሚቀጥለው ወር በሌላ ስም ይገባል። አያንቱ የተባሉት ዐዋቂዎች ይህን ሁሉ ያለ ጽሑፍ በቃላቸው ይይዛሉ። ቆጠራውም እንዳይሳሳት አዲሲቱ ጨረቃ ከየትኛው ኮከብ አጠገብ እንደ ወጣች ሌሊት ወጥተው ያያሉ። ለምሳሌ በዓመቱ ሁለተኛ ወር ከሰባቱ ከዋክብት ጋር ትታያለች።

የሚያስደንቀው፣ በሕንድ አገር ሂንዱዎችም የጨረቃን መንገድ በ27 የከዋክብት ማደሪያ መክፈላቸው ነው። ካርቲካ የተባለው ወራቸው ስሙን ያገኘው ሙሉ ጨረቃ በእነዚያው በሰባቱ ከዋክብት አጠገብ ስለምትውል ነው። አንዱ ከሌላው ተማረ ማለት አያስፈልግም፤ ጨረቃ ወደ ተነሣችበት ኮከብ የምትመለሰው በ27 ቀን ከሲሶ ያህል ነውና፣ ሰማዩን በትዕግሥት የተመለከተ ሁሉ ወደዚህ ቁጥር ይደርሳል። ሂንዱዎች ግን የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ በ11 ቀን ስለሚያንስ በ3 ዓመት ገደማ አንድ ወር ይጨምራሉ፤ ያለዚያ የመከር በዓላቸው ወደ ክረምት ይገባ ነበር።

ወደ ወለጋ እንመለስ። ቢቶቴሳ፣ ጫምሳ፣ ሰዳሳ፣ አማጂ፣ ጉራንደላ የሚሉት ስሞች በቦረናም በእኛም ዘንድ አሉ። በቦረና የጨረቃ ወራት ሲሆኑ በእኛ ግን ባለ 30 ቀን የፀሐይ ወራት ሆነዋል፤ ቢቶቴሳ መጋቢት፣ ጫምሳ ግንቦት ነው። ለጳጉሜንም ቃሜ የሚባል 13ኛ ስም አለን። በ12 የጨረቃ ወራት መካከል ለእርሱ ስፍራ የለውም፤ እኛም ይህ ስም የፀሐይ አቆጣጠር ከገባ በኋላ የመጣ ነው ብለን እናምናለን። እንግዲህ ስሞቹ ተረፉ፣ ቆጠራው ቀረ። የ27ቱ ቀኖች ስምማ በከተሞቻችን በግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አይገኝም፤ አያንቱም የሚያውቁትን የሚያስተላልፉት በቃል ብቻ ስለ ሆነ፣ አንድ ሽማግሌ ሳያስተምር ከሞተ የሚተካው መጽሐፍ የለም።

ይህ መጽሐፍ የሚታተምለት የትምህርት ቤታችን በዓልም የተቆጠረው በፀሐይ ነው። በቦረናዎች ጨረቃ ቢቆጠር ኖሮ በየ33 ዓመቱ አንድ ዓመት ይጨመርለት ነበር።