ባቡር ያልሄደበት ዋሻ

በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በሲንሲናቲ ከተማ፣ ሴንትራል ፓርክዌይ ከሚባለው ሰፊ ጎዳና ሥር ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም የባቡር ዋሻ አለ። ግድግዳው በኮንክሪት የታነጸ ነው፤ መንገደኛ የሚሳፈርባቸው ጣቢያዎችም ተሠርተውለታል። ነገር ግን ባቡር አንድ ቀን እንኳ አልሄደበትም። የከተማ ምኞትና የከተማ ኪስ ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ ምን እንደሚከተል ለማወቅ የሚሻ ሰው ከዚህ ዋሻ የበለጠ ምስክር አያገኝም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ቦይ ነው። የማያሚና ኢሪ ቦይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀልባዎች ጭነት ያመላልሱበት የነበረ የውሃ መንገድ ነው። የምድር ባቡር ሲመጣ ጀልባው ሥራ ፈታ፤ ውሃውም በከተማዋ መካከል ተኝቶ ይሸት ጀመር። የከተማዋ ሹማምንት ታዲያ ብልህ ሐሳብ መጣላቸው፤ ቦዩን አድርቆ ባቡሩን በዚያው ማስኬድ፣ ከላዩም ሰፊ ጎዳና መዘርጋት። ቦታው ቤት ያልተሠራበት፣ ቀድሞም የተቆፈረ ስለ ነበር ብዙ ወጪ ያድናል። የተነደፈው መስመር 26 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ከተማዋን እንደ ቀለበት የሚዞር፣ ከዙሪያዋ ከተሞች የሚመጡትንም የኤሌክትሪክ ባቡሮች የሚቀበል ነበር። በ1916 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ለዚሁ ሥራ የ6 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ እንዲሸጥ ፈቀደ።

እስከዚህ ድረስ ማንን መውቀስ ይቻላል? ምኞቱ ከንቱ አልነበረም፤ ሒሳቡም ተሠርቶ ነበር። ሆኖም ድምፅ የተሰጠበት ቀንና አካፋ የተነሣበት ቀን ተራራቁ። በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ቦንዱን መሸጥ ቀረ። ቁፋሮው የተጀመረው በጥር 1920 ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት የዕቃውም የጉልበቱም ዋጋ ንሮ፣ መስመሩን ለመጨረስ የሚያስፈልገው ገንዘብ እጥፍ ያህል ሆኖ ነበር። በእጅ ያለው ግን ያው 6 ሚሊዮን ነው።

ከባዱ ምርጫ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ገንዘብ ብቻውን አገልግሎት የሚሰጥ አንድ አጭር መስመር ይሠራ? ወይስ የቀለበቱ ቁራጭ ተቆፍሮ ቀሪው ከሰማይ ይጠበቅ? ሹማምንቱ የቀለበቱን ምሥራቃዊ ክፍል ተዉ፤ በቀረው በኩል ግን ገንዘቡ እስኪያልቅ ቆፈሩ። ዋሻው ከከተማዋ እምብርት ሳይደርስ ቆመ። ለሐዲድ፣ ለፉርጎና ለኤሌክትሪክ የተረፈ ገንዘብ አልነበረም። በ1927 ሥራው ሲያበቃ አውቶሞቢል ጎዳናውን ይዞ ነበር፤ በዙሪያው ከተሞች የነበሩት የኤሌክትሪክ ባቡሮችም እየከሰሩ ነበር። በ1928 ከዋሻው በላይ ያለው ጎዳና ተመረቀ። ከዚያ ሁሉ ዕቅድ ለሰው የጠቀመው ጣሪያው ብቻ ሆነ። አበው «የማይዘልቅ ማኅበር በጠጅ ይጀመራል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ዕዳው ግን እንደ ሥራው አልተቋረጠም። ከተማዋ ቦንዱን ከፍላ የጨረሰችው በ1966 ነው፤ ከነወለዱ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ድምፅ በተሰጠበት ዓመት የተወለደ ሕፃን ዕዳው ሲያልቅ የኀምሳ ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ የከፈለበትን ባቡር ግን አላየም። በ1957 ደግሞ በዋሻው ውስጥ ትልቅ የውሃ ቧንቧ ተዘረጋ፤ ቦዩ የነበረበት ስፍራ ተመልሶ የውሃ መንገድ ሆነ።

ይህ ዕጣ በኒው ዮርክም ደርሶ ነበር። ሴከንድ አቬኑ በሚባለው ጎዳና ሥር ባቡር ለማስኬድ በ1929 ታቀደ፤ የኢኮኖሚው ውድቀት ቀደመው። በ1951 ሕዝቡ የ500 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ፈቀደ፤ ገንዘቡ ያረጁትን መስመሮች ለማደስ ዋለ። በ1972 ቁፋሮ ተጀመረ፤ በ1975 ከተማዋ ለኪሳራ ስትቃረብ ቆመ። በ2007 ሥራው እንደገና ሲጀመር ግን አሠራሩ ሌላ ነበር። ዕቅዱ በአራት ምዕራፍ ተከፈለ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ከነባሩ መስመር ጋር እንዲያያዝ ተደረገ። ጥር 1 ቀን 2017 መንገደኛ መጫን ጀመረ። ዋጋው ርካሽ አልነበረም፤ 4.45 ቢሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቷል። ቢሆንም የቀሩት ምዕራፎች ቢዘገዩ እንኳ የተሠራው ሥራ ላይ ነው። በ1970ዎቹ ተቆፍረው ከተተዉት ዋሻዎች አንዱም የዚሁ መስመር አካል ሆነ።

እንግዲህ ልዩነቱ በምኞት ትልቅነት አይደለም፤ ሁለቱም ከተሞች ትልቅ ተመኝተዋል፤ ገንዘብም ሁለቱንም ከድቷቸዋል። ልዩነቱ ገንዘቡ ባለቀበት ዕለት በእጅ የሚቀረው ነገር ነው። ሙሉው ካርታ በወረቀት ላይ ሲያምር፣ ስለ መጨረሻው ጣቢያ ከማሰብ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ነገ ቢያልቅ፣ እስከ ዛሬ በተሠራው ማን ይሳፈራል?