ቀመርና የመስመር ጫፍ፤ ከብራና እስከ ኮምፒዩተር

ቀመር የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ሁለት የትምህርት ዓለሞችን ያገናኛል። በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘንድ ቀመር ተመላልሶ የሚመጣ የዓመታት ዑደት ሲሆን፣ ንዑስ ቀመር 19፣ ማዕከላዊ ቀመር 76፣ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ ቃሉ በምልክት የተጻፈ የሒሳብ ሕግን ያመለክታል። በሁለቱም ወገን ቁጥሩ ወይም ምልክቱ ከዐረፍተ ነገር መካከል ገብቶ መስመሩ ሳይበቃው ሲቀር፣ የት ላይ ይቆረጥ የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው የጽሕፈት ውበት ብቻ አይደለም፤ ያለቦታው የተቆረጠ ቁጥር ሌላ ቁጥር መስሎ ይነበባልና።

ከጎንደር ከተማ እስከ መካነ ብርሃን ባሉት የደጋ አድባራት የተወረሰው የቁም ጽሕፈት ሙያ ለቃል የራሱ መፍትሔ ነበረው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ ካሰመረ በኋላ ገጹን ብዙውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይከፍለዋል። ዓምዱ ጠባብ በመሆኑ ቃሉ ሳያልቅ መስመሩ ያልቃል። ጸሐፊው ግን በዚህ አይቸገርም። የቃል ወሰን የሚታወቀው በሁለት ነጥብ ስለሆነ፣ ከማናቸውም ፊደል በኋላ ወደ ታች ወርዶ ይቀጥላል፤ ጭረትም አያስፈልገውም። አንባቢው ሁለት ነጥቡን እስኪያገኝ ድረስ ቃሉ እንዳልተፈጸመ ያውቃል።

ይህ ነጻነት ለቃል እንጂ ለቁጥር አይበጅም። የግዕዝ ቁጥር ማባዛትንና መደመርን በውስጡ የያዘ አጭር ስሌት ነው። ፭፻ ሲጻፍ 5 በ100 ተባዝቶ 500 ይሆናል፤ ፻፭ ሲጻፍ ግን 100 እና 5 ተደምረው 105 ይሆናሉ። የዐቢይ ቀመር ልክ የሆነውን ፭፻፴፪ እንመልከት። ፭ በመስመሩ ጫፍ ቀርቶ ፻፴፪ ወደ ታች ቢወርድ፣ ለዓይን 5 እና 132 ሆኖ ይታያል። ከ፭፻ በኋላ ተቆርጦ ፴፪ ብቻ ቢወርድ ግን 500 እና 32 ይነበባል፤ ድምሩም አይናጋም። እንዲሁም ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ፶፭፻ ተብሎ ይጻፋል። ፶ ከ፭፻ ቢለይ 50 እና 500 ይመስላል። ዓመተ ዓለም የሚገኘው ዓመተ ምሕረቱን በዚህ ቁጥር ላይ በመደመር ነው፤ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕም ከዚያ ይወጣሉ። መነሻውን በስሕተት ያነበበ ሰው የአጽዋማትንና የበዓላትን ዕለት ያዛባል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ማባዛት አጥብቆ ያስራል፣ መደመር ግን ላላ ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በሮም በግዕዝ ሲያሳትም ፊደሉ ወደ ብረት ተሻገረ። በአዲስ አበባም በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ። ውሎ አድሮ ቃላትን በሁለት ነጥብ ፈንታ በባዶ ቦታ መለየት ሲለመድ፣ የጥንቱ ዋስትና ቀረ፤ የተቆረጠ ቃልም ጭረትን ፈለገ። ጭረቱ ደግሞ ከመቀነስ ምልክት ጋር ይመሳሰላል። «ሀ = ለ −» ብሎ መስመር ቢያልቅና «መ» በቀጣዩ መስመር ቢጀምር፣ የቸኮለ አንባቢ ምልክቱን እንደ ጭረት ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል። በምሰሶ ጭነት ስሌት ላይ እንዲህ ያለው ስሕተት ቀላል አይደለም። የሩሲያ አታሚዎች ለዚህ ሲሉ ምልክቱን በመስመሩ ጫፍ ጽፈው በቀጣዩ መስመር መነሻ ላይ ይደግሙታል።

አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ የመጽሐፉ አዲስ እትም የፊደል ለቀማ ስላላረካው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ቴክ የተባለውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ መሥራት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከማይክል ፕላስ ጋር ባሳተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ ቴክ መስመርን አንድ በአንድ ሳይሆን አንቀጹን በሙሉ መዝኖ ይቆርጣል። ለእያንዳንዱ መጥፎ ቁርጥ የቅጣት ነጥብ አለው። በተለመደው አደረጃጀት ከእኩል ምልክትና ከመሰሎቹ በኋላ ለሚደረግ ቁርጥ ቅጣቱ 500፣ ከመደመርና ከመቀነስ ምልክት በኋላ 700 ሲሆን፣ 10000 ፍጹም ክልከላ ነው። ያለምልክት ጎን ለጎን የተጻፈ ብዜት ከቶ አይቆረጥም፤ ጸሐፊው ከፈቀደም በቁርጡ ላይ የማባዛት ምልክት ይወጣል። ይህም ፭ን ከ፻ አለመለየት ከሚለው የብራናው ትምህርት ጋር አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኅን ሜትስንገር ቴክ የግዕዝን ፊደል እንዲጽፍ የሚያስችል ጥቅል አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ፊደሉ በዩኒኮድ 3.0 ገባ። ሆኖም መሣሪያው የጸሐፊውን ማስተዋል አይተካም። በተራ ቅንፍ ውስጥ ያለ የመደመር ምልክት ለቴክ እንደማናቸውም የመቁረጫ ቦታ ስለሆነ፣ እንዳይለያይ ማሰር የጸሐፊው ፈንታ ነው። ቁጥርንም ከመለኪያው፣ 25ን ከሜትር፣ መለየት አይገባም።

ስለዚህ በአማርኛ የሙያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ቀመሩ በመስመሩ ጫፍ ላይ ሲወድቅ በመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩን ያስተካክል። ይህ ካልሆነ ከእኩል ምልክት በኋላ፣ ከዚያም ከመደመር ምልክት በኋላ ይቁረጥ። ቀመሩ ረጅም ከሆነ ደግሞ በራሱ መስመር ላይ ብቻውን ያቁመው። ቁም ጸሐፊው ለአንባቢው ሁለት ነጥብን ምልክት አድርጎ እንደተወለት ሁሉ፣ መሐንዲሱም ስሌቱ ገና እንዳላለቀ የሚያሳይ ምልክት በመስመሩ ጫፍ ላይ ሊተውለት ይገባል።