የጎንደር ሠዓሊያንና ኅብረ ቀለማቸው

ስለ ጎንደር ነገሥታትና ስለ ግንቦቻቸው ብዙ ተጽፏል፤ ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የከተማይቱንና የጣና ደሴቶችን አብያተ ክርስቲያናት በቅዱሳን መልክ ስለ ሞሉት ሠዓሊያን ግን፣ ከጥቂቶቹ በቀር ስማቸው እንኳ ተጽፎ ስላልቆየን፣ የሚነገረው እጅግ ጥቂት ነው። ቀደም ብሎ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1426–1460 ዓ.ም.) የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣናው ገዳም በዳጋ እስጢፋኖስ በምትገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙን ጽፎ መተዉ፣ ከእርሱም በኋላ ከቬኒስ መጥቶ በአገራችን መርቆሬዎስ የተባለው ኒኮሎ ብራንካሌዮን እንዲሁ ማድረጉ እንደ ብርቅ የሚቆጠር ነው። ሌላው ሠዓሊ ዋጋውን ከላይ የሚጠብቅ ነበርና፣ በሥዕሉ ግርጌ ስም ቢጻፍ የሚጻፈው ገንዘቡን አውጥቶ ያሠራው ባለጸጋ ስም ነበር።

ምን እንደሚሥልም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አስቀድሞ ወስኖለት ነበር። ጻድቅ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ከሓዲና ሰይጣን ግን በጎናቸው ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። ፈረሰኞቹ ሰማዕታት ብዙውን ጊዜ በመቅደሱ ሰሜናዊ ግድግዳ ይሰለፋሉ፤ ሊቃነ መላእክቱም ሰይፋቸውን መዝዘው በሩን ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ ሠዓሊው እንደ ተቀበለው ያስተላልፋል እንጂ አሻሽላለሁ ብሎ አይነሣም። ይሁን እንጂ የቅዱስ ጊዮርጊስ መጐናጸፊያ ምን ያህል እንደሚቀላ፣ ከኋላው ያለው መደብ ብጫ ወይም አረንጓዴ እንዲሆን፣ ጨርቁ በየትኛው አበባ እንዲያጌጥ የሚነግረው መጽሐፍ አልነበረም። በቅርጽ ታዛዥ የነበረው ሰው በቀለም ጌታ ነበረ፤ ስለዚህም የእነዚያን ሰዎች ጠባይና ደስታ ለማወቅ የሚሻ ሰው መልኩን ትቶ ቀለሙን ቢመረምር ይሻለዋል እላለሁ።

ሠዓሊው አብዛኛውን ጊዜ ደብተራ ነበር፤ ዜማና ቅኔ የተማረ፣ ብራና የሚፍቅ፣ መጽሐፍ የሚገለብጥ፣ በመጽሐፉም ራስጌ ሐረግ የሚሥል። ወደ እርሱ የተጠጋው ተማሪ መጀመሪያ ውኃ ይቀዳል፣ ሙጫ ይቀቅላል፣ ከሁሉም ይልቅ ቀለም ይፈጫል። ከብዙ ጊዜ በኋላ መምህሩ በነደፈው መስመር ውስጥ ልብሱንና መደቡን እንዲሞላ ይፈቀድለታል፤ ፊትና ዓይን ግን ለመምህሩ የተጠበቀ ነበር።

የሥዕሉ ዝግጅት ከሥዕሉ ይልቅ ጊዜ የሚበላ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ብዙ ሰው የአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕል በግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሣለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በጭቃው ምርጊት ላይ አስቀድሞ የጥጥ ሸማ በሙጫ ይለጠፋል፣ ሥዕሉም በሸማው ላይ ነው። ለገበታ ሥዕል ደግሞ በአብዛኛው የዋንዛ ሳንቃ ይመረጣል። በሸማውም ሆነ በሳንቃው ላይ ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ የተለወሰ ጀሶ ይቀባል፣ ሲደርቅም እስኪለሰልስ ይታሻል። ከዚህ በኋላ ቀለሙ በድንጋይ ላይ እንደ ሻማ ጭስ እስኪልም ተፈጭቶ፣ በሙጫ ወይም በእንቁላል ይበጠበጣል፤ ልኩን ማወቅም ትልቅ ጥበብ ነው። ሙጫው የበዛበት እንደሆነ ቀለሙ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ያነሰው እንደሆነ ደግሞ የነካው ጣት ሁሉ እየጠረገ ይወስደዋል፤ በክረምት እርጥበት ውስጥም ቀቅለው ያሳደሩት ሙጫ ይሸታል። ለመጽሐፍ የሚሆነው ጥቁር ቀለም የባሰ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከምጣድና ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት ከተቆላ እህልና ከግራር ሙጫ ጋራ ተፈጭቶ፣ እየተማሰለ ለወራት ይብላላል እንጂ በአንድ ቀን የሚደርስ አይደለም።

ጥላሸቱን፣ ጀሶውን፣ ቀዩንና ብጫውን አፈር አገሩ ይሰጣል። የሠዓሊው ልብ የሚመኛቸው ደማቆቹ ቀለማት ግን ከሩቅ ይመጡ ነበር፤ ከባዜቃና ከድኝ የሚገኘው እሳት የመሰለ ቀይ፣ አርሴኒክ ያለበት ወርቅማ ብጫ፣ ከቅጠል የሚወጣው ኢንዲጎ የተባለው ሰማያዊ፣ ከባሕር ማዶ ከጨርቅና ከቅመም ጋራ የተጫኑ ሸቀጦች ነበሩ። በጎንደር ዘመን የቀይ ባሕሩ በር ምጽዋ ነበረና፣ ሲራራ ነጋዴው ሲዘገይ የሠዓሊውም ሥራ ይዘገያል። ወርቅማው ብጫ መርዝ ነው፤ ብሩሹን በከንፈሩ የሚያሾል ሰው ከእርሱ ቢርቅ ይበጀው ነበር። አረንጓዴው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለብቻው የተገዛ ቀለም አልነበረም፤ ሠዓሊው ኢንዲጎውን ከብጫው ጋራ እየደባለቀ ራሱ የፈጠረው ነው፤ አንዱ ቅጠልያ፣ ሌላው ወደ ወይራ የሚያደላው ከዚህ የተነሣ ነው።

የቀለሙ ጌትነት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ግን ከሮም በመጣው መጽሐፍ ታሪክ ነው። በ1583 ዓ.ም. በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ብዙ ሥዕሎች ነበሩበት፤ መጽሐፉም ወደ አገራችን ደርሶ የጎንደር ሠዓሊያን ሥዕሎቹን በየገጹ ተከትለው ቀዱት። ዐፄ ፋሲል የሮም ቤተ ክርስቲያን መልእክተኞች የነበሩትን ኢየሱሳውያን ከአገር ካስወጡ በኋላ የሮም ሥዕል በጎንደር መቀመጡ ለታሪክ ጸሐፊ የሚያስፈግግ ነገር ነው። ነገር ግን እነዚያ ሥዕሎች በጥቁር ብቻ የታተሙ ነበሩ። ጥላው ሁሉ በቀጭን መስመር የተጫረ፣ ሰማዩ ነጭ፣ የጌታ ልብስ ነጭ፣ የወታደሩም ጥሩር ነጭ። ደብተራው ከወረቀቱ የቆመውንና የተቀመጠውን፣ እጅ የዘረጋውንና የተንበረከከውን ወሰደ፤ የቀረውን ግን ከየት ያመጣው? ከራሱ። የሮሙ ቀራጺ ለጥላ የጫረውን መስመር የእኛ ሠዓሊ የልብስ ጥለት አድርጎ፣ በቀዩ ላይ ብጫ፣ በሰማያዊው ላይ ነጭ እያደረገ ጎን ለጎን ያሰለፈው ይመስለኛል። በዚያ ዘመን ሥዕል ጥላ የሚባል ነገር ከሞላ ጎደል የለም፤ ቀለም ከቀለም አጠገብ ሳይደበዝዝ ይቆማል፣ ጥቁሩ መስመርም ድንበር ይለያል።

በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን (1722–1747 ዓ.ም.) ነገሩ ተለወጠ። ፊት በቀይና በወይራ መልክ እየጠቆረ ሥጋ ለበሰ፣ መደቡም ከብጫ ወደ ቀይ ቀስ እያለ የሚሻገር ሆነ። ከሕንድ የሚመጣው ያበበ ሐር በቤተ መንግሥት ሲለበስ ያዩት ሠዓሊያን የእመቤታችንን ልብስ በዚያው አበባ አስጌጡት፤ በጣና ደሴት በደቅ ባለው በናርጋ ሥላሴ እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሊቃውንቱ ይህን ሁለተኛውን ስልት የሚያደንቁት በምክንያት ነው፤ እኔ ግን የፊተኛው ድፍረት ይበልጥብኛል፤ የኋለኛው የቤተ መንግሥት ትሕትናና ምቾት ያለበት ነውና።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህች ቤተ ክርስቲያን ተረፈች፤ ትውፊቱም የንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ይላል። ከጣራዋ ወደ ታች የሚመለከቱት ከመቶ የሚበልጡ የኪሩቤል ፊቶች የአንዱ ግልባጭ ይመስላሉ፤ ቆም ብሎ ለሚያይ ግን የአንዱ ዓይን ወደ ቀኝ፣ የሌላው ወደ ግራ ሲያይ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ሥራ ሠዓሊው አንገቱን ቀልብሶ ሠራው እንዳይባል፣ ሥዕሉ በሸማ ላይ በመሆኑ በምድር ላይ ተዘርግቶ ሊሣል ይችል ነበር።

ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ በፋብሪካ የተሠራ ቀለም በብዛት ገባ። የዓድዋን ድል የሣሉት ሠዓሊያን የእኛን ሠራዊት በሁለት ዓይን፣ ጣልያኖቹን በአንድ ዓይን አድርገው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስንም ከሰማይ በነጭ ፈረስ አውርደው የጥንቱን ሥርዓት ሲጠብቁ፣ ከቀለሙ ዘንድ ግን ድሮ ለልብስ ይቆጠብ የነበረው ሰማያዊ ረክሶ መደቡን ሁሉ ማልበስ ጀመረ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ ተማሪው ቀለሙን ከቱቦ ይጨምቅ ነበር፤ በዚህ የሚያዝን የለም፣ ፈጭቶ ማደር ጽድቅ አይደለምና። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ አሮጌው ሥዕል ደብዝዟል እየተባለ በአንዳንድ ደብር የዘይት ቀለም ሲደረብበት፣ ከሥሩ ያለው በሙጫ የተበጠበጠው ቀለም ከላዩ ጋራ ይጣበቃል፤ ያን ዘይት ለማንሣት የሚሞክር ሰውም የጎንደሩን አረንጓዴ አብሮ ያነሣዋል።