ሦስት የሙከራ ማሳዎች፣ ሦስት ወቅቶች፦ የካሊፎርኒያው የዕፅዋት ዝግመተ ለውጥ ሙከራ ታሪክ



በሳይንስ ታሪክ ስለ ንድፈ ሐሳብ ብዙ ይነገራል፤ ስለ መስክ ሥራ ዕቅድ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ርእሴ ዕቅድ ራሱ የሳይንስን ክርክር ስለፈታበት አንድ ታሪክ ነው። የክርክሩ ጥያቄ ይህ ነበር፦ የቆላ ተክል ተራራ ላይ ተተክሎ ሲያጥር፣ የተለወጠው ቁመናው ብቻ ነው ወይስ የዘር ውርሱም ጭምር? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ቦኒየ ከ1880ዎቹ ጀምሮ አንዱን ተክል ለሁለት እየከፈለ፣ ግማሹን በቆላ፣ ግማሹን በአልፕስና በፒሬኔ ተራሮች ተከለ። አንዳንዶቹ የቆላ ተክሎች ወደ ተራራ ዘመዶቻቸው ተለወጡ ሲልም ዘገበ። አሜሪካዊው ፍሬደሪክ ክሌመንትስም በኮሎራዶ ተራራ ላይ ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። በኋላ የመጡ ተቺዎች ግን ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሡ፦ መደቦቹን በየወቅቱ ማን ይጠብቃቸው ነበር? የተተከለው ሞቶ በስፍራው የበቀለ የአካባቢው ተክል፣ አጥርና የተሟላ መዝገብ በሌለበት፣ «የተለወጠ» ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። የክትትል ጉድለት እንዲህ የንድፈ ሐሳብ ማስረጃ ይሆናል።

ስዊድናዊው ዬተ ቱሬሶን ሌላ መንገድ ያዘ። ከልዩ ልዩ መኖሪያ ያመጣቸውን ተክሎች በአንድ ማሳ ላይ ጎን ለጎን አሳደገ፤ ልዩነታቸው አለመጥፋቱንም አየ። በ1922 ለእነዚህ ከአካባቢያቸው ጋር የተስማሙ ወገኖች «ኤኮታይፕ» የሚል ስም ሰጠ። ይሁን እንጂ አንድ ማሳ ልዩነቱ የሚወረስ መሆኑን ቢያሳይም፣ እያንዳንዱ ወገን በሌላው አገር ምን እንደሚገጥመው አያሳይም።

ሁለቱን ዘዴዎች ያጣመረው በካሊፎርኒያ የተቋቋመው የካርኔጊ ኢንስቲትዩሽን ቡድን ነው። ሥራውን የጀመረው ሃርቬይ ሞንሮ ሆል በ1932 ሲሞት፣ ከአንድ ዓመት በፊት ከዴንማርክ የመጣው የሥነ ዘር ሊቅ ዬንስ ክላውሰን ከዴቪድ ኬክና ከዊልያም ሃይሲ ጋር ቀጠለው። ከባሕር ወለል በላይ 30 ሜትር ግድም በሚገኘው በስታንፎርድ፣ በ1,400 ሜትር ላይ በማዘር፣ በ3,050 ሜትር ላይ ደግሞ በቲምበርላይን ማሳ አዘጋጁ። እያንዳንዱን ተክል ከፍለው ቁራጮቹን በሦስቱም ስፍራ ተከሉ። የዘር ውርሱ አንድ ስለሆነ በቁራጮቹ መካከል የሚታየው ልዩነት ከአካባቢው የመጣ ነው። በአንድ ማሳ ላይ በተለያዩ ተክሎች መካከል ጸንቶ የሚታየው ደግሞ በዋናው ከዘር የመጣ ነው።

ከባዱ ነገር የወቅት ጉዳይ ነበር። በስታንፎርድ ዝናቡ በክረምት ይዘንባል፤ በጋው ደረቅ ነው። በማዘር ክረምቱ በረዶ ያመጣል። በቲምበርላይን የዕድገት ጊዜው በጣም አጭር ከመሆኑ በላይ በበጋ ሌሊትም ውርጭ ይወርዳል፤ የተራራው መንገድም በክረምት በበረዶ ይዘጋል። ስለዚህ ሦስቱን ማሳዎች በአንድ ቀን መለካት ፍሬ ያፈራን ተክል ገና ካቆጠቆጠ ጋር ማወዳደር ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ከዝቅተኛው ስፍራ ወደ ከፍተኛው ወቅቱን ተከትለው መውጣት ነበረባቸው። የአበባውን መፈንዳት፣ የፍሬውን መብሰልና የተክሉን ቁመት በየዓመቱ መዘገቡ፤ ናሙናም አደረቁ።

የብዙ ዓመታት መዝገብ መልሱን ሰጠ። የባሕር ዳርቻዎቹ የፖቴንቲላ ግላንዱሎሳ ተክሎች የቲምበርላይንን ክረምት አልቻሉም። የተራራዎቹ ደግሞ በለዘብተኛው የስታንፎርድ ክረምት እንኳ ዕድገታቸውን አቁመው እንደ ልማዳቸው አንቀላፉ። ቁመና ከስፍራ ስፍራ ተለዋወጠ፤ አንዱ ወገን ወደ ሌላው ሲለወጥ ግን አልታየም። ውጤቱ በ1940 ታተመ፤ በ1948 የአኪሊያ ጥናት ተከተለ። በ1958 የወጣው የማዳቀል ጥናትም ወገኖቹን የሚለዩት ባሕርያት በብዙ ጂኖች የሚመሩ መሆናቸውን አሳየ። ከአካባቢ ጋር መስማማት በተፈጥሮ ምርጫ የሚገኝ የዘር ውርስ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ጽኑ መሠረት አገኘ።

ዘዴው ዋጋ አስከፍሏል። ከቦኒየ ስሕተት የጠበቃቸው አጥርና አረም መንቀል፣ በተፈጥሮ ውስጥ ያለውን የተክሎች ፉክክርም ከማሳው አስወጥቷል። ስለዚህ ማሳዎቹ አንድ ተክል አየሩን መቋቋሙን ይነግሩናል እንጂ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ተሻምቶ መኖር መቻሉን አይነግሩንም።

ይህን ታሪክ ለእናንተ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ በአንድ ቀን ጉዞ በሚገናኙበት አገር፣ በሦስቱም ሙከራ ለመትከል የሚመኝ ተማሪ በየዓመቱ አገኛለሁ። የመኪናና የአበል ጥያቄ ቀድሞ ይመጣል፤ ሦስቱ ማሳዎች መቼ መቼ እንደሚያብቡ፣ በክረምት መንገዱ ሲቆረጥ መዝገቡን ማን እንደሚይዝ የሚገልጽ ሠንጠረዥ ግን ብዙ ጊዜ የለም። ከተከላው በፊት ያ ሠንጠረዥ ይሠራ።