እጥፍ የተሠራው ወጥ እንዴት ፍሪዘር ገባ?

ቁሌት ጊዜ ይፈጃል። ሽንኩርቱ በቀስታ መብሰል አለበት፤ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ማለቱን እስኪተው ድረስም ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ መጨመር፣ ማማሰል፣ ከምድጃው አለመራቅ ነው። ለአንድ ድስትም ለሁለት ድስትም መቆሙ ያው ነው። ስለዚህ ብዙ ቤቶች እጥፍ አድርገው ይሠሩና ግማሹን ፍሪዘር ውስጥ ይከቱታል። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ግን መቶ ዓመት እንኳ በደንብ ያልሞላው ልማድ ነው።

ምግብን ማቆየት ራሱ አዲስ አይደለም፤ ቋንጣና ድርቆሽ አሉን። የእነሱ ምስጢር ውሃን ማባረር ነው፤ ባክቴሪያም ሻጋታም ያለ ውሃ አይራቡም። ፍሪዘር ግን ውሃውን አያባርርም፣ በረዶ አድርጎ እዚያው ያስረዋል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ውሃ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ትልልቅ የበረዶ ክሪስታሎች ይሠራል፤ እነሱም የሥጋውን ወይም የአትክልቱን ሕዋሳት ይቀዳድዳሉ። በረዶው ሲቀልጥ ጭማቂው ይፈስና የተልፈሰፈሰ ነገር ይቀራል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በረዶ የሆነ ምግብ መጥፎ ስም የነበረው ለዚህ ነው።

በ1912 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ክላረንስ በርድስአይ የተባለ አሜሪካዊ ለቀበሮ ቆዳ ንግድ ወደ ላብራዶር፣ ካናዳ ሄደ። እዚያ ያሉት የኢንዊት ሰዎች በከባዱ ክረምት ዓሣ ከውሃ ሲያወጡ፣ ዓሣው ወዲያው በነፋሱ ድርቅ ብሎ በረዶ ይሆናል። ከወራት በኋላ ቀልጦ ሲበላ ግን ዛሬ የተያዘ ይመስላል። በርድስአይ ነገሩ ገባው፦ ዋናው ቅዝቃዜው ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ክሪስታሎቹ ደቃቅ ይሆናሉ፣ ሕዋሳቱም ብዙ አይጎዱም። ብዙ ቦታ «የፈጣን ማቀዝቀዝ አባት» ይሉታል። እኔ ትንሽ ይከብደኛል፤ ዕውቀቱ የኢንዊት ነበር፣ የእሱ የሆነው ማሽኑ ነው። ማሽኑ ጠፍጣፋ እሽጎችን በሁለት ቀዝቃዛ ብረቶች መሃል ይጨምቃል። በ1930 ምርቱ በስፕሪንግፊልድ፣ ማሳቹሴትስ ሱቆች ለሽያጭ ቀረበ።

ታዲያ የቤት እመቤቷ ምን አገኘች? መጀመሪያ ላይ ብዙም አይደለም። የዚያን ዘመን ማቀዝቀዣ የበረዶ ክፍሉ ለጥቂት በረዶ ብቻ የሚበቃ ነበር። የአሜሪካ ገጠር ቤተሰቦች ከጋራ ማቀዝቀዣ ቤቶች ቁም ሳጥን የሚያህል ቦታ ተከራይተው ሥጋቸውን ያስቀምጡ ነበር። ትልቁ ፍሪዘር በየቤቱ የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። እራትን እጥፍ ሠርቶ ግማሹን ማስቀመጥ የተለመደውም ያኔ ነው።

እስቲ አሁን ወደ ድስታችን እንመለስ። ወጥ ከጥሬ ዓሣ ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ሕዋሳቱ በእሳት አስቀድመው ስለፈረሱ ክሪስታል ብዙም አያበላሸውም። የእሱ ጣጣ ሌላ ነው። ወፍራም ወጥ ውስጥ ሙቀት የሚወጣው ቀስ እያለ ነው፤ የወጡ ጥልቀት እጥፍ ሲሆን መሃሉ ለመቀዝቀዝ የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል! በዚህ መሃል፣ ከ60 እስከ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት፣ ባክቴሪያ እንደ ልቡ ይራባል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለውማ ዘሩ የድስቱን ፍላት ችሎ ይተርፍና ወጡ ለብ ሲል ይነቃል። ፍሪዘር ደግሞ (በ-18 ዲግሪም ቢሆን) ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ አይገድልም።

ስለዚህ ድስቱን እንዳለ አትክተቱት። ወጡን ዝቅ ባሉ ሰፋፊ ዕቃዎች አከፋፍላችሁ፣ ከምድጃ በወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ አስገቡት። ከዚያ በከረጢት ጠፍጥፎ ማስተኛት ነው፤ የበርድስአይ እሽግ ጠፍጣፋ የሆነው እኮ በዚሁ ምክንያት ነው። ስትበሉትም መሃሉ ድረስ እስኪፈላ አሙቁት። ድንች ያለበትን አልጫ ግን ለዛሬ እራት ብቻ ሥሩት፤ ድንቹ ከፍሪዘር ሲወጣ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይተፋል።