ኡቡንቱ ካዛንቺስ ሲደርስ

ቡናማ ሽፋን የለበሰው ሲዲ ካዛንቺስ ታይፕ ቤቴ የገባው በ1999 ዓ.ም ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ያመጣው የሠፈር ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በአባቱ ፖስታ ሳጥን ቁጥር ከውጭ አስልኮ፣ «እትዬ፣ አንድ ሳንቲም አልከፈልኩበትም፤ የዊንዶውስን ሥራ ይሠራል» ብሎ ፎቶኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀመጠልኝ። ምልክቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ክብ የሠሩ ሦስት ሰዎች ነው። ከላይ የታዩ ስለሆነ ጭንቅላታቸው ነጥብ ነጥብ ሆኖ ነው የሚታየው። ስሙ «ኡቡንቱ» ይላል።

ማመልከቻ ሊያስጽፉ ወረፋ የያዙት ሁሉ ስሙን ተቀባበሉት። ረዳቴ አልወደደችውም፤ «ኡ ብሎ የሚጀምር ነገር ኡኡታ ይመስላል» አለች። አንድ ነጋዴ በነፃ የመጣ ነገር ሁሉ ቫይረስ አያጣውም ብለው እንዳልነካው መከሩኝ። በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ሾፌርነት ጡረታ የወጡ ጋሼ ግን ቃሉን ከደቡብ አፍሪካ እንግዶች ሰምተውት ኖሮ፣ «ሰው ሰው የሚሆነው በሌላው ሰው ነው ማለት ነው» ብለው ፈቱልን። ይኼን ጊዜ ከቂርቆስ የማኅበር ደብዳቤ ይዘው የመጡ መሪጌታ ከወንበራቸው ቀና ብለው፣ «ታዲያ የእኛው ሰው ለሰው መድኃኒቱ አይደል?» አሉ። ከዚያ በኋላ ሲዲውን እንደ እንግዳ ያየው የለም።

ጋሼ ትክክል ነበሩ። ቃሉ የዙሉና የኮሳ ነው። ስሙን የሰጠው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እትም የወጣው ጥቅምት 10 ቀን 1997 ዓ.ም ነበር። እያንዳንዱ እትም ደግሞ የእንስሳ ቅጽል ስም ይወጣለታል። የመጀመሪያው «ኪንታሮታም ከርከሮ» መባሉን ልጁ ሲነግረን ቤቱ ዝም አለ። እዚያ ከተቀመጥነው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የእሪያን ዘር ስም በምግብ ጠረጴዛ አጠገብ የማያነሳ ሰው ነው። ሁለተኛው ጃርት መሆኑ ትንሽ አቀለለው። እኔ ያን ቀን የገባኝ፣ ስም አውጪው የሚያስበው አንድ ነገር፣ ስሙ የሚደርስበት ደጅ የሚሰማው ሌላ ነገር መሆኑ ነው።

እኛ ጸሐፊዎች ግን ለፕሮግራም ስም እንግዳ አልነበርንም። ከፕሮግራሞቹ በፊት ግን ጣቴን ያፍታታሁት በኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፕራይተር ነው። የአማርኛውን ታይፕራይተር ከኢንጂነር አያና ብሩ ስም ለይቶ ማንሳት አይቻልም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩማ ከየትኛውም የታይፕ ገበታ ይተርፋል። ስለዚህ ፊደሉን መትተን እግሩን ወይም ቀለበቱን ለብቻ እንቀጥልለት ነበር። ሽማግሌዎች «ፊደሉን ሰበራችሁት» ይሉን ነበር፤ እውነታቸውን ነው። የታይፕ «ሎ» ቀለበቱ ከግንዱ ፈንጠር ብሎ ነበር የሚያርፈው። ብራና ላይ በቀለም ሲጻፍ ያየ ሰው ያንን ማየት ሊያመው ይችላል።

ኮምፒውተር ሲመጣ ያንን ስብራት የሚጠግን መስሎን ነበር። ፕሮግራሞቹም የመጡት በስማቸው ነው፤ ብራና፣ ዋሸራ፣ አጋፋሪ። እነዚህን ስሞች የመረጡትን ሰዎች እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ዶስና ዊንዶውስ በሚባልበት ዘመን አንዱን የፍየል ቆዳ አሉት፣ አንዱን የጎጃም ቅኔ ቤት፣ አንዱን ደግሞ ግብር ሲበላ ሰውን እንደየማዕረጉ የሚያስገባ የቤተ መንግሥት ባለሟል። መሪጌታ ዋሸራ የሚል ቃል ስክሪኔ ላይ ያዩ ቀን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «ከእንግዲህ ደብዳቤዬ በዚህ ይሁንልኝ» አሉኝ። ሌላ ፊደል ቢያምርም አይቀበሉም ነበር። ስም ሰውን እንዲህ ይይዛል።

ግን ስማቸው ያማረው ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም ነበር። የያኔው የአማርኛ ፊደል ኮምፒውተሩ ለላቲን ፊደላት ያዘጋጀው ወንበር ላይ ነበር የሚቀመጠው። ወንበሩ 256 ብቻ ነው። ሁሉም ፕሮግራም ፊደሎቹን በየፈቃዱ አስቀመጠ። አንዱ «ሀ»ን ያስቀመጠበት ሌላው «ጨ»ን ያስቀምጣል፤ አንዳንዱ ስላልበቃው ፊደሉን ሁለት ፋይል ላይ ከፈለው። በዋሸራ የጻፍኩትን ሰው ብራና ባለው ማሽን ሲከፍተው የእብድ ወረቀት ሆኖ ይወጣል። ስንት ደንበኛ ዲስኬቱን እየወረወረልኝ ሄዷል! ጥፋቱ የእኔ አልነበረም፤ ግን የተሳደቡት እኔን ነው፣ ገንዘቡንም የመለስኩት እኔ ነኝ።

ከታይፕ ቤቴ ቁልቁል፣ ኢሲኤ ግቢ ውስጥ፣ ፓዲስ የሚባለው የመረጃ ክፍል በ1980ዎቹ ኢሜይል በስልክ መስመር ለንደን ድረስ ያቀባብል ነበር። ጋሼ አድራሻ ይዘው ይመጡና ለውጭ ዘመድ መልእክት ያስጽፉኛል። አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የምጽፈው፤ ሌላ መንገድ አልነበረም። «እንደምን አለህ» የሚለውን በባዕድ ፊደል ስጽፍ እጄ ይሰንፍ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ስሙ ምንም ከማይማርክ ነገር ነው፤ ዩኒኮድ። በፈረንጆች 1999 የወጣው ሦስተኛው እትም ለግዕዝ ፊደል የራሱን ወንበር ሰጠው፣ ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ቁጥር። ቪስታ የተባለው ዊንዶውስ በ1999 ዓ.ም ሲመጣ ደግሞ ኒያላ የሚል የአማርኛ ፊደል ይዞ ነበር። ኒያላን ያየ ደንበኛ ሁሉ «ሲጋራው?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። የባሌ ተራራ አጋዘን መሆኑን ማስረዳት አንዱ ሥራዬ ሆነ። ኡቡንቱም የዩኒኮድ ልጅ ነው። ልጁ ጭኖልኝ ከተነሣ በኋላ በመጀመሪያ የጻፍኩት የመሪጌታን ደብዳቤ ነው። ወደ ዊንዶውስ ወስጄ ከፈትኩት፤ አንዲት ሆሄ አልተዛነፈችም። መሪጌታ የጠየቁት ዋሸራ ስላልሆነ ትንሽ ቅር አላቸው፤ ከዚያ አንብበው «ይሁን፣ ሰው ለሰው» አሉ።

የሚያሳዝነኝ እነዚያ ያማሩ ስሞች ከፕሮግራሞቹ ጋር አብረው መቅረታቸው ነው። ዛሬ ያሉት ወጣቶች ስልካቸው ላይ በፈለጉት ይጽፋሉ፤ አጋፋሪ ማን እንደነበር የሚያውቅ ግን ከመካከላቸው አላገኘሁም። ብራናም ሆነ ዋሸራ በዚያው ስማቸው በሁሉ ማሽን የሚነበቡ ቢሆኑ ኖሮ፣ ልጆቻችን ኮምፒውተር ሲከፍቱ የሚያነቡት የመጀመሪያ ቃል ከቅኔ ቤት የመጣ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

የስም ነገር ከተነሣ፣ ሠፈራችን ራሱ ስሙን የተቀበለው ከቢሮ ነው። በ1928 ኢጣሊያ ስትገባ ለመንግሥት ሠራተኞቿ ቤት የሚያሠራ ኢንቺስ የሚባል ተቋም ነበራት፤ ቤቶቹ ካዛ ኢንቺስ ተባሉ። ወራሪው በ1933 ወጣ፤ ስሙን ግን ሕዝቡ አሟሽቶ ካዛንቺስ አለው። በዚሁ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ፖፖላሬም እንዲሁ ነው፤ «የሕዝብ ቤቶች» የሚለው የጣልያን ቃል ነው። ከእነዚህ አጠገብ ደግሞ ቅዱስ ቂርቆስ፣ የሕፃኑ ሰማዕት ስም፣ አለ። በ1953 ኢሲኤ ግቢ ውስጥ አፍሪካ አዳራሽ ተሠራ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እዚያው ተመሠረተ። እንግዲህ ኡቡንቱ የሚለው ቃል ከዚያ አዳራሽ ዳገቱን ወጥቶ ታይፕ ቤቴ ቢገባ አይደንቅም።

ያ ታይፕ ቤት የለም። በ2017 መጀመሪያ ቤቶቹ ፈርሰው ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበታትኗል። እኔም የያዝኩት አንድ ካርቶን ዲስኬት ነው። ይዘቱን ወደ ፍላሽ አስገልብጬ ማታ ማታ አንዱን ፋይል በእጄ ወደ ዩኒኮድ እመልሳለሁ፤ የትኛው ላቲን ሆሄ የትኛውን አማርኛ እንደያዘ የመዘገብኩበት ደብተር አለኝ። ፋይሉ የ1991 ዓ.ም ማመልከቻ ነው፤ የውኃ መስመር ይቀጠልልን ብለው አሥራ አራት ሰዎች የፈረሙበት፣ በዋሸራ የተጻፈ። ትናንት ማታ የአመልካቾቹ አድራሻ ላይ ደረስኩ። አንዱ መስመር ላይ መሪጌታ አሉ፤ ቀበሌያቸው፣ የቤት ቁጥራቸው፣ ከዚያ «ካዛንቺስ»።