የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት በአካባቢ ጥበቃ፦ የምሥራቅ አዲስ አበባ ወንዞችና የብክለት አቤቱታ

የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት፣ በተለምዶ ጂ.አይ.ኤስ. የሚባለው፣ በመሬት ላይ ያለን ነገር ከሚገኝበት ቦታ ጋር አያይዞ የሚመዘግብና የሚተነትን የኮምፒውተር አሠራር ነው። የወንዝ መስመር፣ የመሬት ከፍታ፣ የአስተዳደር ወሰንና የፋብሪካ መገኛ በየራሳቸው ንብርብር ተይዘው አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ።

በቦሌና በአካባቢው ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በወንዞች ላይ ነው። ቀበናና ቡልቡላን የመሳሰሉ ወንዞች ከሰሜኑ ከፍታ ወደ ደቡብ ወርደው ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባሉ፤ ውኃው በአባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል። በመሆኑም በቦሌ ቡልቡላ ለሚሸት ውኃ ምክንያቱ ከላይ፣ በሌላ ወረዳ ሊሆን ይችላል። የከፍታ መረጃ ከወንዝ መስመር ጋር ሲደረብ ፍሳሻቸው ወደዚያ ቦታ የሚደርስ ይዞታዎች ተለይተው ይታያሉ። ካርታው ግን አይፈርድም፤ ናሙና የሚወሰድበትን ቦታ ያጠባል እንጂ ብክለቱን የሚያረጋግጠው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

የወሰን ንብርብሩም ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክፍለ ከተማ በመሆኑ፣ ቀድሞ በቦሌ ሥር የነበሩ እንደ ቦሌ አራብሳ ያሉ ሰፈሮች ጉዳይ የሚታየው በዚያ ነው፤ ስማቸው ብቻ ቦሌ ሆኖ ቀርቷል።

በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ብክለት በሚያደርስ አካል ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ፣ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ይችላል።

አቤቱታው ላይ የቦታ ኮኦርዲኔት መጻፍ ይጠቅማል፤ በየትኛው የልኬት መነሻ እንደተወሰደ ካልተገለጸ ግን ሊጎዳም ይችላል። በርካታ ነባር የሀገሪቱ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ሲሆን፣ የእጅ ስልክ የሚያሳየው ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 የተባለውን ነው። የሁለቱ ልዩነት በአዲስ አበባ ከ100 ሜትር ይበልጣል። ፍሳሽ በሚለቅ ቱቦ አፍ ላይ ቆሞ የተወሰደ ነጥብ ካለማስተካከያ በነባሩ ካርታ ላይ ሲሰፍር ከወንዙ ማዶ፣ ምንም በማያውቅ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ አቤት ባዩ ቁጥሩ ከስልክ የተወሰደ መሆኑን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ከተቻለም የቦታውን ፎቶግራፍ ጨምሮ ያቀርባል፤ ወደ ካርታው መነሻ የመለወጡ ሥራ የባለሙያው ነው።